ውሃን ከጥሩ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወሬው ረጅም ነው፤ ክረምቱም ገና አልወጣምና የሚያስቸኩለን የለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲባል እየሰማን ነው ሁላችንም ያደግነው። ነገር ከሥሩ ካልተያዘ ይበላሻል፣ ውሃም ከጥሩው ካልተቀዳ ይጎዳል ማለት ነው። እኔም ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያ «ጥሩ» ስለተባለው ውሃ ነው። በልጅነቴ ጥሩ ውሃ አንድ የታወቀ ቦታ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ፣ ሄዶ መቅዳት ብቻ የሚቀር። ዕድሜዬ ገፍቶ፣ አንድ የነሐሴ ቀን ከጎረቤቴ ጋር ተጉዤ ካየሁት በኋላ ግን ሌላ ነገር ገባኝ፤ እሱንም ቀስ ብዬ ከሥሩ እነግራችኋለሁ።

እናቴ ውሃ የምትቀዳው በእንስራ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ትነሳና፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንስራዋን በገመድ አዝላ፣ ከሰፈራችን በታች ወዳለው ምንጭ ትወርዳለች፤ እኔም ቅሉን ይዤ ከኋላዋ እከተላለሁ። ምንጩ ጋ ስትደርስ ወዲያው አትቀዳም። ጎንበስ ትልና የተንሳፈፈውን ቅጠል በመዳፏ ገፋ ገፋ ታደርጋለች፤ ከኛ በፊት የደረሰ ሰው ውሃውን በጥብጦት እንደሆነም አጠገቡ ቁጭ ትላለች። እኔ ብርዱ እየገረፈኝ «እማዬ፣ እንቅዳና እንሂድ» ስላት፣ «ይጥለል፣ ልጄ፤ ትንሽ ይጥለል» ትለኛለች። ከዚያም ሲጠልል በቅሉ ቀስ እያለች፣ የታቹን ሳታነቃንቅ የላይ የላዩን ትቀዳለች፤ በነጠላዋ ጫፍ እያጣራችም እንስራው ውስጥ ትጨምራለች። ቤት ስንደርስ ደግሞ ሌላው እንስራ በወይራ ጭስ ታጥኖ ይጠብቃታል፤ ውሃውን ገልብጣ አፉን በንጹህ ጨርቅ ሸፍና ታስረዋለች። እኔ ያኔ ጭሱ ለሽታው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያቺ ሴት ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ማጥለልን፣ ማጣራትን፣ ማጠንንና መክደንን ታውቅ ነበር። እነዚህን አራት ነገሮች አደራ በልቡናችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ከዚያም ቦኖ መጣ። ሳንቲም ተከፍሎ፣ ወረፋ ተይዞ፣ እንስራው ተሰልፎ ይቀዳ ጀመር። ከዚያም እንስራው ቀረና ጀሪካኑ መጣ፤ ከዚያም ቧንቧው አጥራችንን አልፎ ግቢያችን ገባ፣ ቆጣሪም ተተከለለት። እናቴ የግቢያችን ቧንቧ መጀመሪያ የተከፈተ ዕለት እልል አለች፤ ከዚያም እጇን ከውሃው ሥር ዘርግታ ብዙ ቆየች። ውሃው በመዳፏ ላይ ሲወርድ ዝም ብላ ታየው ነበር። «ከወዴት ነው የሚመጣው?» ብላም ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም፤ እኔም እስከ ሽምግልናዬ ድረስ መልሱን አላወቅሁትም ነበር።

ይህች ከተማችን አዲስ አበባ እኮ ራሷ በውሃ ምክንያት የተቆረቆረች ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃን ወደዱት፣ በዙሪያውም ቤት ተሠራ፣ በ1879 ዓ.ም. ገደማም ከተማዋ ስሟን አገኘች። ፍል ውሃው ለገላ ነበር፤ ለመጠጥ ግን ሰው ከየምንጩና ከየወንዙ ይቀዳ ነበር። ከዚያም በ1880ዎቹ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ያለውን ምንጭ በቧንቧ ይዞ እስከ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አመጣው። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ነው፤ ውሃው ከእንጦጦ ቁልቁል ወርዶ፣ ሸለቆውን አቋርጦ፣ መልሶ ሽቅብ ወጣ። ሰው ሁሉ ጉድ አለ፤ ውሃ ሽቅብ ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል? ምሥጢሩ ግን ቀላል ነበር፤ ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ይበልጥ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በቧንቧ ከታፈነ በኋላ ወደ መጣበት ከፍታ ለመመለስ ራሱን በራሱ ይገፋል። ዛሬም እያንዳንዳችን ቤት ውሃ የሚደርሰው በዚያው በከፍታና በግፊት ሕግ ነው።

ከዚያም ከተማዋ ሰፋች፣ ሰውም በዛ፣ ምንጩም አልበቃ አለ። በ1930ዎቹ በስተምዕራብ ገፈርሳ ተገደበ። ከዚያም እሱም አነሰና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስተምሥራቅ ለገዳዲ ተገደበ፤ በዚያው ዘመን፣ በ1963 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከለገዳዲ ጎን ድሬ ተገደበ፣ በአቃቂ ሜዳም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። አያችሁ፣ ከተማ ሲያድግ ውሃው ከሩቅ ይመጣል፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ደግሞ የሚቀበለው ይፈልጋል።

እንግዲህ አሁን ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። እሳቸውን ጋሼ ነው የምላቸው፤ ሰፈሩም ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በውሃ ማጣሪያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ልማድ አላቸው፤ በሄዱበት ቤት ውሃ ሲቀርብላቸው ቶሎ አይጠጡም። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ ያደርጉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። ከዚያም አፍንጫቸው ሥር ያደርሱትና ያሸቱታል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠጡት። እኔ መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር፤ ቤቴ ንጹህ አይደለም ብለው ይሆን እያልኩ። አንድ ቀን ግን ደፍሬ ስጠይቃቸው ሳቁና፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አርባ ዓመት ያጎበጠውን እጅ ማን ያቃናዋል? ይልቅ አንድ ቀን ልውሰድዎና ለምን እንደሆነ ይዩት» አሉኝ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ፈቃድ አግኝተው፣ በማለዳ ተነሣን። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው ያደረው። መገናኛን አልፈን፣ በላምበረትና በኮተቤ አድርገን፣ ካራን ወጣን፤ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቶ የፊተኛው መኪና መብራት ብቻ ይታየን ነበር። ከዚያም ለገጣፎን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ጉሙ ገለጥ አለና አረንጓዴው እስከ ተራራው ግርጌ ተዘርግቶ ታየ። አንድ ገበሬ ገሳውን ለብሶ ማሳው ዳር ቆሟል፤ ከማሳው የሚወርደው ጎርፍ ቡናማ ሆኖ፣ አፈሩን ይዞ፣ ቦዩን ሞልቶ ይጋልባል። ጋሼ በመስኮቱ እያሳዩኝ፣ «ያን ጎርፍ አዩት? ዛሬ ማታ ግድቡ ውስጥ ነው፤ ከቀናት በኋላ እርስዎ ቤት ነው» አሉኝ። ደንገጥ ብዬ ዝም አልኩ።

ለገዳዲ ግድብ ጋ ስንደርስ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ውሃው ሰፊ ነው፤ እንደ ሐይቅ ተኝቷል፣ ግን ሐይቅ እንደሚሉት ሰማያዊ አይደለም፤ የቡና በወተት መልክ አለው። በዙሪያው ካለው ሜዳና ከሰንዳፋ በኩል የሚወርደው ውሃ ደቃቅ ሸክላ አፈር ይዞ ነው የሚገባው፤ ያ አፈር ደግሞ እጅግ ከመድቀቁ የተነሣ ለሳምንታት ቢቀመጥም በራሱ አይዘቅጥም። እዚህ ላይ እናቴን አሰብኳት፤ «ይጥለል» ብላ ብትቀመጥ ኖሮ እስከ ማታም አትነሣም ነበር። ጋሼ እንደነገሩኝ፣ ተዳፋቱ ላይ ዛፍ ሲተከልና እርከን ሲሠራ ውሃው ጠርቶ ይመጣል፣ ግድቡም በደለል አይሞላም፤ ማጣሪያውም ይቀለዋል። ስለዚህ ማጣራት የሚጀምረው ማጣሪያ ውስጥ ሳይሆን እዚያ ገሳ ለብሶ የቆመው ገበሬ ማሳ ላይ ነው። እሱ አፈሩን ሲይዝ የኛን ውሃ ይይዝልናል፤ ከተማው ደግሞ የዚያን ሰው ውለታ ሊረሳ አይገባም።

በግድቡ ውስጥ እንደ ማማ የቆመ ግንብ አለ። በተለያየ ከፍታ ላይ በሮች አሉት፤ ሠራተኞቹ እያዩ የሚሻለውን ይከፍታሉ። ከላይኛው ቢቀዳ አረንጓዴው አልጌ ያስቸግራል፣ ከታችኛው ቢቀዳ ጭቃው ይበዛል፤ ስለዚህ መሐሉን ይመርጣሉ። እኔም በልቤ፣ እናቴ በቅሏ ታደርገው የነበረው ይህንኑ ነው አልኩ።

ከዚያም ውሃው ወደ ማጣሪያው ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን ጋሼ ወደ ላቦራቶሪው አስገቡኝ። አንዲት ልጅ ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ ስድስት ብርጭቆዎች በተርታ ደርድራ ቆማለች። ስድስቱም ውስጥ ያ ቡናማ ውሃ አለ። አንደኛው ላይ ጥቂት፣ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ሦስተኛው ላይ ከዚያም ጨምራ፣ አልሙኒየም ሰልፌት የሚባለውን መድኃኒት ጠብ ጠብ አደረገች፤ ከዚያም መሣሪያው ስድስቱንም እኩል ያማስላቸው ጀመር፣ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያም በዝግታ፣ ከዚያም አቆመ።

«እማማ፣ አሁን ይዩ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እናንተ አይብ ያወጣችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ፤ አሬራው እሳት ላይ ተጥዶ ሲቆይ ይቋጠርና አይቡ ለብቻው፣ አጓቱ ለብቻው ይሆናል። ልክ እንደዚያው፣ ያ በራሱ የማይዘቅጠው ደቃቅ ጭቃ እርስ በርሱ እየተያያዘ፣ እየተቋጠረ፣ እንደ አመዳይ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድ ጀመር፤ ከላዩም ውሃው እየጠራ መጣ። ግን ስድስቱም እኩል አልጠሩም። አራተኛው ብርጭቆ ጥርት ብሎ የልጅቷ ጣቶች በማዶ ታዩኝ፤ ስድስተኛው መድኃኒቱ በዝቶበት መልሶ ጭጋግ ለብሷል። ልጅቷ አራተኛውን ለየች። «ዛሬ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው። ትናንት ከዚህ ያነሰ ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቧልና ጨመረ። በበጋ ሌላ ነው፣ በክረምት ሌላ» አለችኝ። ለካስ ውሃው እንደ በሽተኛ በየቀኑ ይታያል፤ መድኃኒቱም በየቀኑ ይታዘዝለታል።

ከዚያም በዚያ በአራተኛው ብርጭቆ ልክ በትልቁ ገንዳ ውስጥ ይደረጋል። ውሃው ይማሰላል፣ ይቋጠራል፣ ከዚያም ሰፋፊ ገንዳዎች ውስጥ ገብቶ ሰከን ይላል፤ አተላው ይዘቅጣል፣ የላዩ ቀስ እያለ ሞልቶ ይፈሳል። ገንዳው ዳር ቆሜ ውሃው እየጠለለ ሲሄድ አየሁ፤ ድምፅ የለውም፣ አይቸኩልም። ከዚያም ወደ አሸዋው ይገባል። አሸዋው በወፍራሙ የተነጠፈ ነው፤ ውሃው በመሐሉ ሲሰርግ ቀሪው ቅንጣት እዚያው ተይዞ ይቀራል። አሸዋው ራሱ ደግሞ ይቆሽሻልና ይታጠባል፤ አየርና ውሃ ከሥሩ ሽቅብ ይለቀቅበትና ይገላበጣል፣ የያዘውን ጭቃ ይተፋል፣ ከዚያም ተመልሶ ሥራውን ይጀምራል። ይህ የእናቴ ነጠላ ነው አልኩ፤ እሷም እኮ ነጠላዋን ሳታጥብ አታጣራበትም ነበር።

«እንግዲህ ጠራ!» አልኩ ጋሼን፣ ደስ ብሎኝ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እትዬ፣ ጠራ እንጂ ገና ንጹህ አልሆነም። ዓይን የማያየው አለ።» ከዚያም ክሎሪኑ ያለበትን ክፍል በሩቁ አሳዩኝ፤ በሩ ላይ የአደጋ ምልክት አለ፣ ሠራተኛውም ያለ መከላከያ አይገባም። «ውሃው ከክሎሪኑ ጋር ቢያንስ 30 ደቂቃ አብሮ መቆየት አለበት። በዚያ ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጣው፣ ታይፎይድ የሚያመጣው፣ አብዛኛው ይሞታል። ግን ሥራው በዚያ አያበቃም። ጥቂቱ ክሎሪን ከውሃው ጋር አብሮ ይጓዛል። እኛ አገር መንገደኛ ያለ ሸኚ አይለቀቅም አይደል? እሱ ሸኚው ነው። መንገድ ላይ ጠላት ቢገባ እሱ ይዋጋል፤ ሲዋጋም ራሱ ያልቃል። ስለዚህ ቧንቧው ጫፍ ላይ፣ እርስዎ ቤት ሲደርስ፣ በአንድ ሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ተርፎ መገኘት አለበት። ከተገኘ ውሃው በሰላም ደርሷል፤ ካልተገኘ መንገድ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።»

እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ውሃዬ ክሎሪን ክሎሪን ሲሸት አማርር ነበር። ጋሼ ግን፣ «ያ ሽታ የሸኚው ኮቴ ነው፤ ውሃውን በንጹህ ዕቃ ከድነው ትንሽ ቢያቆዩት ይለቅዎታል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አማርሬ አላውቅም።

ከመውጣታችን በፊት ልጅቷ አንድ የመጨረሻ ነገር አሳየችኝ። ከከተማው ልዩ ልዩ ቦታ የተቀዳ ውሃ በትንንሽ ጠርሙስ ይመጣላታል። ከያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ወስዳ በስስ ወረቀት ታጣራዋለች፤ ከዚያም ወረቀቱን ለጀርም ምግብ በሆነ ነገር ላይ አስቀምጣ በ44 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ታሳድረዋለች። ከሰውና ከከብት ሆድ የሚወጣ ጀርም በውሃው ውስጥ ካለ በማግስቱ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ኢ. ኮላይ የሚሉት ጀርም በዚያ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም፤ አንድም። «እማማ፣ የኔ ሥራ የሚያምረው ምንም ሳላይ ስቀር ነው» አለችኝ። ይህን ስትል አልሳቀችም። በየጠዋቱ ያንን ባዶ ወረቀት ለማየት ዓይኗን አጉልታ የምታጎነብስ ልጅ እንዳለች እኔ አላውቅም ነበር፤ እናንተስ ታውቁ ነበር?

ከዚያም ውሃው መንገድ ይጀምራል። ለገዳዲ ከመሐል ከተማው ከፍ ያለ ቦታ ነውና ውሃው አብዛኛውን መንገድ ቁልቁል ይመጣል። በቀን ከ150 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ከዚያ ይወጣል፤ አንዱ ሜትር ኩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነውና፣ እናንተው አስሉት፣ ከ7 ሚሊዮን ተኩል ጀሪካን ይበልጣል። ከአቃቂ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። እሱ ከምድር ሆድ ስለሚወጣ በአለቱ ተጣርቶ የመጣ ነው፤ ጭቃ የለውም፣ ሸኚው ክሎሪን ግን እሱም ዘንድ አይቀርም። ችግሩ አቃቂ ከከተማው በታች መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በፓምፕ ይገፋል፣ ከአንዱ ማጠራቀሚያ ወደ ሌላው እንደ ሸክም ይቀባበሉታል፣ ሽቅብ ይወጣል። መብራት ከጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ከቆመ ከፍታ ላይ ያለው ሰፈር ቧንቧው ይደርቃል። በፈረቃ የምንጠብቀው ውሃም፣ የማይበቃውን ለሁሉ ለማድረስ፣ ዛሬ ለአንዱ ሰፈር ነገ ለሌላው የሚከፈት ነው። ሌሊት ቫልቩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው አለ፤ እኛ ተኝተን እሱ በባትሪ መብራት ጉድጓድ ውስጥ ያጎነብሳል።

አሁን ደግሞ የሰፈራችንን ነገር ልንገራችሁ፤ ይህችኛዋ ልብ ትነካለች። አንድ ክረምት ውሃችን ለሁለት ቀን ጠፋና በሦስተኛው ሌሊት መጣ። ሁላችንም ተሻምተን ቀዳን። ጠዋት ጋሼ ቡና ልጠጣ ብለው እኔ ቤት መጡ፤ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አደረጉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያም አሸተቱትና መልሰው አስቀመጡት። ፊታቸው ተለወጠ። «እትዬ፣ ከዚህ ውሃ ልጅ ጠጥቷል?» አሉኝ። አልጠጣም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወዲያው ተነሥተው ስልክ ደወሉ፤ ከዚያም የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ቤት ለቤት ላኩ፤ «ሳይፈላ አትጠጡ በሉ፤ ያልሰማ እንዳይኖር» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ለአጥሩ መሠረት ሲቆፍር፣ ሳያውቅ፣ ቧንቧውን ሰነጠቀው፤ ፈርቶም አፈር መልሶበት ዝም አለ። ቧንቧ ሙሉ ሲሆን ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ስንጥቅ ቢኖርም ውሃ ይወጣል እንጂ ምንም አይገባም። ውሃው ሲጠፋ ግን ቧንቧው ባዶ ይሆንና እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ በዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያ ስንጥቅ አጠገብ ደግሞ የፍሳሽ ቦይ ያልፋል። ያ ሁሉ ድካም፣ የገበሬው እርከን፣ የልጅቷ ስድስት ብርጭቆ፣ ገንዳው፣ አሸዋው፣ ሸኚው፣ ሁሉም ለገዳዲ ላይ ተደክሞበት፣ እኛ ደጃፍ ላይ በአንዲት የዶማ ምት ከንቱ ሊሆን ነበር።

የቧንቧ ጥገና ሠራተኞች በመሸ ጊዜ፣ በዝናብ መጡ። ቆፈሩ፣ ጉድጓዱ በውሃ ሲሞላ ቀዱ፣ መልሰው ቆፈሩ፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነበር። እኔ ቡና አፍልቼ ወጣሁ። ከዚያም ያ አጥር የሚሠራው ሰው ቀስ ብሎ መጣ። ምንም አልተናገረም። የአንዱን ሠራተኛ የእጅ ባትሪ ተቀበለና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ያበራላቸው ጀመር፤ ዝናቡ እየቀጠቀጠው፣ ሌሊቱ እስኪነጋጋ ድረስ ባትሪውን አላወረደም። ማንም አልወቀሰውም። የተሰነጠቀው ተቆርጦ ወጣ፣ አዲስ ተገጠመ፣ መስመሩ ታጠበ፣ ክሎሪን ተጨመረበት፤ ከዚያም ውሃው ተቀድቶ ተመረመረ፣ ንጹህ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ጠጡ ተባልን። ሰፈራችን ከዚያ ወዲህ መሬት ሲቆፍር ጠይቆ ነው።

ይህን እንደ ቀላል ነገር አትዩብኝ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት የሚሉት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ከተማችን ገብቶ ስንቱን እንዳስጨነቀ ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ እጅ መታጠብና ውሃ ማከም በየሬዲዮው ሲለፈፍ ነበር። በሽታው ሲሄድ ጥንቃቄው አብሮ እንዳይሄድ ነው የኔ ፍርሃት።

እንግዲህ የመጨረሻዋ እጅ የኛ ናት። ውሃው ግቢ ከገባ በኋላ ሸኚው ደክሟል፤ ጀሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሮቶው ታጥቦ የማያውቅ ከሆነ፣ ቀድተን የምንጠጣበት ጣሳ መሬት የወደቀ ከሆነ፣ በአንዲት ሌሊት ይበላሻል። የጠፋ ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን አትጠጡት፤ ለወለል ማጠቢያ ይሁን፣ ጠርቶ እስኪወርድ ይፍሰስ። ከተጠራጠራችሁ አፍሉት፤ ግን አንድ ነገር እወቁ፤ ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ሲጀምር ወዲያው አታውርዱት፤ 3 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ከዚያም ክደኑት።

ማጥለል፣ ማጣራት፣ ማጠን፣ መክደን። አራቱን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ሦስቱን ዛሬ ለገዳዲ ላይ ብዙ ሰዎች ይሠሩልናል፤ ጭሱ ክሎሪን ሆኗል፣ ነጠላው አሸዋ ሆኗል። አራተኛው ግን ዛሬም እንደ እናቴ ዘመን በየቤታችን ቀርቷል። ያ አባባል «ውሃን ከጥሩ» ሲል እኔ ጥሩው የሆነ ቦታ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ጥሩ ውሃ የሚገኝ ሳይሆን በየቀኑ የሚሠራ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ዛሬ ተሠርቶ ነገ እንደገና የሚሠራ።

ትናንት ሌሊት ፈረቃችን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቧንቧው አየር እየተፋ ሲያፏጭ ነቃሁ፤ የልጅ ልጄም ነቅታ ተከተለችኝ፣ በባዶ እግሯ፣ ጀሪካኑን እየጎተተች። ቧንቧው ተንፈስ ተንፈስ አለና ውሃው መጣ፤ ባልዲውን ደቀንኩ። ከአጥሩ ማዶ የጋሼ መብራት በርቷል፤ ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፣ የሌሊት ተራቸው ግን ዛሬም ይቀሰቅሳቸዋል።

«እትዬ፣ መጣ እንዴ?» አሉ ከማዶ።

«መጣ ጋሼ፤ ግን ገና ድፍርስ ነው።»

ልጅቷ ብርዱ እየገረፋት ጀሪካኑን ወደ ቧንቧው ገፋ አደረገች። «እማማ፣ እንቅዳና እንግባ» አለችኝ።

እጇን ያዝ አደረግሁና አጠገቤ አስቀመጥኳት። «ይጥለል፣ ልጄ» አልኳት፤ «ትንሽ ይጥለል።»